አዎ፣ አልነዳትም

ነጃት የደወለችልኝ አባቷ ከተቀበሩ ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው። ሰደቃው አልፎ፣ ለቅሶ ደራሹ ቀንሶ፣ ቤታቸው ጸጥ ማለት ጀምሮ ነበር።

«የኢምፓላዋን ኢንሹራንስ በስሜ ትራንስፈር ማድረግ አለብኝ» አለችኝ። «ሊንዳ ሐሙስ ኑ ብላለች። ትመጣለህ? ዲቴይሉን የምታውቀው አንተ ነህ።»

እመጣለሁ አልኳት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ብቻዬን ሳቅሁ። በሐዘን ሰሞን መሳቅ ነውር መሆኑን አጥቼው አይደለም። አባቷ ጋሽ ኑረዲንና ኢንሹራንስ አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲገቡ ሳልስቅ ማለፍ ከተሳነኝ ግን ዓመታት አልፈዋል። እሳቸው ቢያዩኝ ኖሮ፣ «መሐንዲሱ ሳቀ! ጥርስ አለው ለካ!» ብለው ጭኔን በመዳፋቸው መታ ያደርጉኝ ነበር።

መሐንዲስ አይደለሁም። ስሙን ያወጡልኝ የመኪና ማቆሚያ ትኬት ጀርባ ላይ ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ ሳነብ ያገኙኝ ቀን ነው። «እሷን ያነበበ ሰው ከጻፋት ሰውዬ ሌላ አንተ ብቻ ነህ» አሉኝ።

ያኔ ሁለታችንም የምንሠራው ዳውንታውን ዴንቨር ውስጥ ባለ የመኪና ማቆሚያ ሕንጻ ነበር። እሳቸው መውጫው ላይ ባለችው የመስታወት ክፍል ተቀምጠው ትኬት ይቀበላሉ፤ እኔ ፎቆቹን እየዞርኩ እጠብቃለሁ። አዲስ አበባ ሳሉ መርካቶ ጨርቅ ይሸጡ ስለነበር እጃቸው የገባውን ነገር ሁሉ፣ ትኬትም ይሁን የዳቦ ወረቀት፣ በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መካከል ሳያሹ አያልፉም። ደንበኞች ትኬታችን ሐሰተኛ ተባለ ብለው ይደነግጡ ነበር።

ኢምፓላዋን ያገኙትም እዚያው ነው። ምድር ቤቱ ጥግ ላይ፣ ጎማዎቿ የተኙ፣ አቧራ የለበሰች የስልሳዎቹ መኪና ነበረች። ባለቤቷ ዓይናቸው ስለደከመ መንዳት የተዉ አሜሪካዊ ሽማግሌ ናቸው። አስተዳደሩ ሊያስጎትታት ሲል ጋሽ ኑረዲን ሽማግሌውን ፈልገው አናገሯቸው። ምን እንደተባባሉ አላውቅም። ተመልሰው ሲመጡ ግን የመኪናዋን ሊብሬ በሁለት ጣታቸው እያሹ ነበር።

«ሰጡኝ» አሉ። «አንድ ነገር ብቻ አደራ አሉኝ።»

«ምን?»

«ለቁራሌ እንዳትሰጣት።»

ሽማግሌው ቁራሌ የሚለውን ቃል እንደማያውቁት ግልጽ ነው፤ ጋሽ ኑረዲን ግን የሰውን ሐሳብ ሁሉ ወደ መርካቶ አማርኛ መልሰው ነው የሚያስቀምጡት።

ስለ መኪና የሚያውቁት ነገር አልነበረም። ይህንን ራሳቸውም አይደብቁም። ችግራቸው ሌላ ነበር፤ የጀመሩትን አይጨርሱም። የአየር ማቀዝቀዣ ጥገና ትምህርት ጀምረው ትተዋል። ከሁለት ሰዎች ጋር ዳቦ ቤት ሊከፍቱ ጀምረው መጋገሪያውን ከመግዛታቸው በፊት በስሙ ተጣልተዋል። ኦሮራ፣ ቻምበርስ ሮድ ላይ ባለው አፓርትመንታቸው ወጥ ቤት ውስጥ አንደኛው ግድግዳ ቢጫ ነው፤ ሌሎቹ ሲገቡ እንደነበሩት ነጭ ናቸው። እናቷ ከሞተች ወዲህ ብቻቸውን ያሳደጓት ነጃት ያኔ የሃይስኩል ተማሪ ነበረች፤ ስትናደድባቸው በእንግሊዝኛ «ዳድ፣ ምንም ነገር ጨርሰህ አታውቅም» ትላቸዋለች። እሳቸው በአማርኛ ይመልሳሉ፦ «ያላለቀ ነገር ተበላሸ ማለት አይደለም፣ ልጄ።» ይህንን ሲሉ አጠገባቸው ያለውን ነገር፣ ጠረጴዛም ይሁን የመኪና ኮፈኖ፣ በመዳፋቸው ቸብ ያደርጋሉ።

ኢምፓላዋንም ጀመሯት። ሰው አሮጌ መኪና ሲያድስ ከሞተሩ ወይም ከላሜራው ይነሣል። እሳቸው ከወንበሩ ተነሡ፤ የሚያውቁት ጨርቅ ነዋ! የኋላውን ወንበር ነቅለው ወደ ቤት ወሰዱ፣ ስፖንጁን ቀየሩ፣ ወይን ጠጅ ጨርቅ አለበሱት። እጅግ አማረ። መኪናዋ ግን ገና የዛገች ስለነበረች መልሰው ሊያስገቡት አልቻሉም። ስለዚህ ሳሎን ውስጥ ቀረ። እንግዳ ሲመጣ የሚቀመጠው እሱ ላይ ነው። እኔም ስንት ምሳ በልቼበታለሁ። ነጃት ጓደኞቿን ቤት ማምጣት ተወች፤ «ሳሎናችን ውስጥ ቀበቶ አስረው ነው የሚቀመጡት» እያለች ታማርር ነበር።

መኪናዋ አፓርትመንቱ ሜዳ ላይ በሸራ ተሸፍና ቆማለች። አንድ የፀደይ ቀን የአፓርትመንቱ አስተዳዳሪ መስታወቷ ላይ ማስጠንቀቂያ ለጠፈባት። ኢንሹራንስ የሌለው መኪና በወሩ መጨረሻ ይጎተታል ይላል። ጋሽ ኑረዲን ወረቀቱን በጣታቸው አሹት። «ስስ ነው» አሉ፤ ሳቃቸው ግን አልመጣም።

ያን ቀን ከሥራ ስንወጣ እንዲህ አሉኝ፦ «መሐንዲሱ፣ እነዚህ ሰዎች ካስጎተቷት መጨረሻዋ ቁራሌ ነው። የሽማግሌውን አደራ በላሁ ማለት ነው። እሱስ ይሁን። ልጄ ትክክል ናት ማለት ደግሞ ነው። እሱን አልችለውም።»

እንግዲህ ኢንሹራንስ ፍለጋ ጀመርን። የዘወትር መኪናቸውን የያዘው ኩባንያ ኢምፓላዋንም እይዛለሁ አለ፤ ግን እሷ በሌላው ላይ ለምታደርሰው ጉዳት ብቻ። «ቆማ ነው ያለችው!» አሉ ጋሽ ኑረዲን ስልኩን ከዘጉ በኋላ። «ማንን ትገጫለች? ነፋሱን?» የእሳቸው ፍርሃት በእሷ ላይ የሚመጣው ነበር፤ ሌባው፣ እሳቱ፣ ከሁሉም በላይ በዚህ አገር ግንቦትና ሰኔ ላይ ያለ ማስጠንቀቂያ የሚወርደው እንቁላል የሚያክል በረዶ።

እኔ ቤተ መጻሕፍት ሄጄ አነበብኩ። በዕድሜያቸው ለሚከበሩ አሮጌ መኪኖች ብቻ የተዘጋጀ ኢንሹራንስ እንዳለ ያወቅሁት እዚያ ነው። መኪናው ለሥራ መመላለሻ እንዳይውልና ማታ ማታ ተቆልፎበት እንዲያድር ይጠይቃል። አንድ እንዲህ ዓይነት ኩባንያ አግኝተን ከቤታቸው ደወልን። የስልኩን ድምፅ ማጉያ ከፍተውት ስለነበር እኔም ኢምፓላ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ እሰማለሁ። ሴትየዋ ትሑት ነበረች፤ የምትጠይቀው በእንግሊዝኛ ነው።

«ታዲያ ወደ ሥራ አይነዷትም?»

«የስ!» አሉ ጋሽ ኑረዲን በኩራት።

የኮምፒዩተር ፊደል ሲመታ ተሰማ። «ጋራዥ ውስጥ አይደለችም?»

«የስ! ኖ ጋራዥ! እኔ ራሴ ነኝ የምሠራት።»

«በየቀኑ አትንቀሳቀስም?»

«የስ፣ የስ!» አሉ፤ ወደ እኔም ዞረው አውራ ጣታቸውን አሳዩኝ።

ሴትየዋ ፊደል መምታቷን አቆመች። ከዚያ በየቀኑ ሥራ የምትመላለስና ደጅ የምታድር መኪና ለመያዝ እንደማይችሉ በጨዋ ደንብ ነግራቸው ተሰናበተች።

ጋሽ ኑረዲን ስልኩን እያዩ ቀሩ። «ምን አጠፋሁ? ሁሉንም ልክ መለስኩ እኮ!»

ነጃት የሙዚቃ ማዳመጫዋን አንገቷ ላይ አውርዳ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማለች። «ዳድ! የስ አልካት!»

«አዎ! አልነዳትም አልኳት!»

«ኖ! የስ ካልክ እነዳታለሁ ማለት ነው!»

«አትነዳትም ወይ አለችኝ፤ አዎ፣ አልነዳትም አልኳት። ሴትዮዋን ደግፌ እኮ ነው የተናገርኩት! ምን ዓይነት ቋንቋ ነው፣ ሰውን ሲደግፉት የሚቃወም?»

ያን ያህል ዓመት እንግሊዝኛን ከመዝገበ ቃላት ቃል በቃል ስለቅም ይህችን አንድ ቀን እንኳን ልብ ብዬ አላውቅም። እኛ «አልበላህም?» ስንባል «አዎ፣ አልበላሁም» ነው የምንለው፤ አዎ የምንለው ለጠያቂው ነው። እነሱ ደግሞ ለነገሩ ነው። ጋራዡም እንደዚያው። ለእኛ ጋራዥ መኪና የሚታከምበት ነው፤ ለእነሱ መኪና የሚያድርበት። በስንት የሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ ስንቱን «የስ» ብዬ እንዳጣሁ እያሰብኩ ተቀመጥኩ።

ነጃት መልሳ ደወለች። መልሱ አንዴ ተመዝግቧል፣ ቆይታችሁ ሞክሩ አሏት። ወሩ ግን አይቆይም።

የኢንሹራንስ ወኪሏን ሊንዳን ያገኘናት ያን ጊዜ ነው። ቢሮዋ እዚያው ቻምበርስ ሮድ ላይ፣ ልብስ ማጠቢያ ቤቱ ጎን ነው። መነጽሯን በሰንሰለት አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ጎላ ባለ ድምፅ የምታወራ ሴት ናት። ነጃት ለማስተርጎም ሳይሆን «አባቴን ከየስ ለመጠበቅ» መጣች።

ሊንዳ ምርጫዎቹን አስረዳችን። የመጀመሪያው፣ መኪናዋ ብትጠፋ በዚያን ቀን ገበያ ታወጣ የነበረውን ይከፍላል።

«በዚያን ቀን ምን ታወጣለች?» አሉ ጋሽ ኑረዲን።

ሊንዳ መነጽሯን አወለቀች። «እንደ አሮጌ ብረት።»

«ቁራሌ!» አሉ ወደ እኔ ዞረው። «ይለፈን።»

በሁለተኛው ባለቤቱ ዋጋውን ራሱ ይናገራል። ይሄ ደስ አላቸው፤ ወደፊት ተጠግተው ሊናገሩ ሲሉ እኔ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «ከተናገሩትና ከገበያው ያነሰውን ይከፍላል የሚል አለበት?» አልኩ። ድምፄ ለራሴም አዲስ ነበር።

«አለበት» አለች ሊንዳ።

«አየሽው ይሄን? የትኬት ጀርባ የሚያነብ ልጅ ነው!» አሏት ጋሽ ኑረዲን።

ሦስተኛው ግን ሁለቱም ወገኖች አስቀድመው የሚስማሙበት ዋጋ ነው። ጉዳት ሲደርስ ያው የተስማሙበት ይከፈላል፤ በኋላ ጭቅጭቅ የለም። ጋሽ ኑረዲን ይህንን ሲሰሙ የመርካቶ ዓይናቸው በራ። ከፍ ያለ ዋጋ ጠሩ። ሊንዳ ዋጋው ከፍ ሲል ክፍያቸውም ከፍ እንደሚል ነገረቻቸው፤ ወዲያው ወረዱ። ያማ መብራቶቿን እንኳን አይገዛም አለች፤ እንደገና ወጡ። ሲወጡ ሲወርዱ ቆይተው ድንገት ቆም አሉ።

«ቆይ እስቲ፤ እኔ ገዢ ነኝ ሻጭ?»

«ሁለቱም» አለች ሊንዳ እየሳቀች።

«እንግዲያው በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ከማምነው ሰው ጋር እየተከራከርኩ ነው።»

ሊንዳ ቀጠለች። «አሁን ባለችበት እንስማማለን። ሥራው በገፋ ቁጥር ፎቶ ታመጡልኛላችሁ፣ እኛም ዋጋዋን ከፍ እናደርጋለን።»

ጋሽ ኑረዲን ክርክሩን ተዉት። «ሳታልቅም ዋጋ አላት ማለትሽ ነው?» አሉ ቀስ ብለው።

«አላት።»

ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ሰማሽ?»

«ሰማሁ» አለች ነጃት፤ በአማርኛ።

ከዚያ የወንበሩ ነገር ተነሣ። ሊንዳ የት እንዳለ ጠየቀች። ሳሎን አሏት። «የመኪናው ወንበር?» ስትል ነጃት፣ «ሆምወርኬን የምሠራው እሱ ላይ ነው» አለቻት። የተነቀለ ዕቃም ይያዛል፣ እሱንም አስገባለሁ አለች ሊንዳ። ወዲያው ብዕሯን አንሥታ፣ «ወደ ሥራ ግን አይነዷትም?» አለች።

«የስ!» አሉ ጋሽ ኑረዲን።

ብዕሩ ቆመ። ነጃት ከጠረጴዛው ሥር እግራቸውን መታቻቸው። «አትምቺኝ!» አሉ። ከዚያም ለሊንዳ፣ በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛቸው፣ ተረጋግተው አስረዷት። «የስ ያልኩት ለአንቺ ነው። አይነዱም አልሽ፤ ልክ ብለሻል። የስ።»

ሊንዳ አሰበችበት። «ታዲያ እኔ ነኝ ጥያቄውን ያጣመምኩት» አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ እሳቸውን አሉታዊ ጥያቄ ጠይቃቸው አታውቅም። «ይነዳሉ?» ትላለች፤ «ኖ!» ይላሉ፤ ሁለቱም ይስቃሉ።

የቀረው የሚቆለፍ ጋራዥ ነበር፤ የማደሪያው ዓይነት። የአፓርትመንቱ ጋራዦች ሁሉ ተይዘዋል። ጋሽ ኑረዲን ወደ እኔ ዞሩ። እኔ እትዬ በላይነሽ የሚባሉ ሴት ቤት ምድር ቤት ክፍል ተከራይቼ ነበር፤ ቤቱ ጋራዥ አለው፣ ካርቶን ታጭቆበታል።

«ጠይቃቸው» አሉኝ።

«እኔ? እሺ አይሉም፣ ጋሼ።»

«ጠይቀሃቸዋል?»

«አልጠየቅኋቸውም።»

«ሳይጠየቅ እምቢ የሚል ሰው ያለው አንተ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው» አሉኝ። ይህች አባባላቸው ከሁሉም በላይ አብራኝ ኖራለች። ዛሬ ስልክ አንሥቼ የማላውቀውን ሰው የምጠይቅ ሰው የሆንኩት ከእሷ ወዲህ ነው።

እትዬ በላይነሽን ወጥ ቤት አገኘኋቸው፤ ዓረፍተ ነገሬን መንገድ ላይ ሳስተካክል ነው የመጣሁት።

«የኑረዲን መኪና?» አሉ። «ያቺ ወንበሯ ሳሎን የተቀመጠው?»

«አዎ፣ እትዬ። ካርቶኑን እኔ አስተካክለዋለሁ።»

«መቼ ነው የምታልቀው?»

ልዋሽ አልፈለግሁም። «አላውቅም።»

ሳቁ። «በቅርቡ ብትለኝ ኖሮ እምቢ እልህ ነበር። አምጣት። ያለቀች ቀን ግን መጀመሪያ እኔን ነው ቤተ ክርስቲያን የሚያደርሰኝ፤ ንገረው።»

ወሩ ሳያልቅ ሊያስጎትቷት የነበረችውን መኪና እኛው አስጎተትናት።

ሰኔ ላይ በረዶው ወረደ። ሥራ ላይ ነበርን። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቁሮ ድንገት እንደ ጠጠር መወርወር ጀመረ፤ የመንገዱ መኪና ሁሉ ወደ እኛ ሕንጻ ይሮጣል። ጋሽ ኑረዲን ከመስታወት ክፍላቸው ወጥተው በሁለት እጃቸው «ግቡ! ግቡ!» ይላሉ፤ በአማርኛ ነው፣ ሁሉም ይገባል። ኦሮራ ስንደርስ ሜዳው ላይ የቆመው መኪና ሁሉ ተጎድጉዷል፤ ያን ቀን ነጃት ትንዳው ተብሎ ሜዳው ላይ የቀረው የጋሽ ኑረዲን የዘወትር መኪናም ጭምር። እትዬ በላይነሽ ጋራዥ ገብተን መብራት አበራን። ኢምፓላዋ በግራጫ ፀረ ዝገት ቀለሟ፣ ያለ ወንበር፣ ያለ ግጭት መከላከያ ፓራውልት፣ አንዲት ጭረት ሳይነካት ቆማለች። ኮፈኖዋን ቸብ አደረጓት።

«ሥራ የሚሄደው ተመታ» አሉ፤ «ሥራ የማትሄደው ተረፈች።»

ከዚያ በኋላ ሁለት ክረምት ፈጀች። ላሜራው፣ ስርጉዱ የሚሞላበት ስቱኮ፣ ሞተሩ፣ ቀለሙ። አንድ ነገር ባለቀ ቁጥር ፎቶ ይዘን ሊንዳ ጋ እንሄዳለን፤ ፎቶውን በጣታቸው ያሹታል፣ ክርክሩ ይጀመራል። በመጨረሻ ወንበሩ ከሳሎን ወጣ። አራት ሆነን ስናወጣው ነጃት በባዶው ቦታ ላይ ቆማ፣ «አሁን የት ልንቀመጥ ነው?» አለች። መኪናዋ መጀመሪያ የወጣች ቀን ከፊት፣ ከአባቷ ጎን የተቀመጠችው እሷ ናት። ምንም ነገር ጨርሰህ አታውቅም የሚለውን ቃል ከዚያ ወዲህ ከአፏ አልሰማሁም።

እትዬ በላይነሽ ነጠላቸውን ለብሰው ከኋላ ተቀመጡ፤ ቤተ ክርስቲያን ተደረሰ። ጋሽ ኑረዲን ቅዳሴው እስኪያልቅ ደጅ ጠበቋቸው፤ የመኪናዋን መስታወት በቲሸርታቸው እየወለወሉ፣ ሰው ሲያልፍ ደግሞ የወለወሉትን እየደገሙ።

የዳሽቦርዷ ሰዓት ብቻ አትሠራም ነበር። ላስተካክላት አልኳቸው።

«ተዋት» አሉኝ። «ያለቀ ነገር ምን ያነጋግራል?»

ሕመሙ ሲመጣ አልቆየባቸውም። በመጨረሻው ሰሞን ሆስፒታል ስጠይቃቸው አንሶላውን በሁለት ጣታቸው እያሹ፣ «ጥጥ አይደለም» አሉኝ። የመኪናዋን ቁልፍ ለነጃት ሰጥተዋታል።

ሐሙስ ዕለት ሊንዳ ቢሮ ገባን። ሊንዳ ነጃትን አቅፋ ቆየች። ከዚያ መነጽሯን አድርጋ ተቀመጠች። ስም፣ አድራሻ፣ መንጃ ፈቃድ። ነጃት አሁን ሥራ ይዛለች፤ እንግሊዝኛዋ እዚህ ተወልዳ ያደገች ልጅ እንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ሊንዳ ጥያቄውን ሳትገለብጥ፣ ማንንም እንደምትጠይቀው ጠየቀቻት።

«ወደ ሥራ አትነጃትም?»

ነጃት በመስኮቱ በኩል ደጅ የቆመችውን ኢምፓላ ታያለች።

«የስ» አለች።

ብዕሩ ቆመ። ሊንዳ ቀና ብላ አየቻት፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። ነጃት ያለችው ነገር ጆሮዋ አልገባም፤ ዓይኗ ገና ደጅ ነው።

ሊንዳ ደግማ አልጠየቀችም። ጎንበስ ብላ «ኖ» የሚለው ላይ ምልክት አደረገች።